ልካችኋል እንጂ አላካፈላችሁም

አዲስ አልበም በወጣ ማግስት ምን እንደምታደርጉ አውቃለሁ። ገና ረፋዱ ላይ በወጣቶች ኅብረቱ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አሥራ ሁለቱም መዝሙር በተርታ ተደርድሮ ይገኛል። ከላይ የሽፋኑ ፎቶ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት የእሳት ምልክት፣ ከዚያ «ስሙትና ተባረኩ» የምትል አንዲት መስመር። አንዱ ተቀብሎ ወደ መዘምራን ግሩፕ ያሻግረዋል፤ ሌላዋ ወደ ግቢ ኅብረት ትልከዋለች። ሳይመሽ ሶዶ ደርሷል፣ ሆሳዕና ደርሷል፣ ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችንም ደርሷል። ዘማሪው ግን የስቱዲዮውን ዕዳ ገና አልከፈለም።

ይህንን ነው «ማካፈል» የምትሉት። እኔ ደግሞ ቃሉ ያለ ቦታው ገብቷል እላለሁ።

በእኛ ቤት ማካፈል ማለት ቆርሶ መስጠት ነው። እንጀራውን ያካፈለ ሰው የራሱ ድርሻ ያንሳል፤ ያካፈለ መሆኑም የሚታወቀው በዚሁ ነው። ፋይል የላከ ሰው ምን ጎደለበት? አልበሙ ስልኩ ላይ እንዳለ ነው። ገንዘብ አላወጣም። ብዙ ጊዜ ደግሞ አልሰማውም። የጎደለው ከሌላ ሰው መሶብ ነው። ላኪው ግን ስም ያተርፋል፤ «እሱ እኮ አዲስ ነገር ከሁሉ ቀድሞ ያገኛል» ይባልለታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት ቴሌግራም ሳይመጣ የተነገረ መሆኑ ይገርመኛል።

ያገኘነውን መዝሙር ለራሳችን ደብቀን እንያዝ የምል እንዳይመስላችሁ። በ2ኛ ነገሥት 7 ላይ ያሉትን አራት ለምጻሞች አስታውሱ። የሶርያውያንን ሰፈር ባዶ ሆኖ ሲያገኙት መጀመሪያ በሉ፣ ጠጡ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው «ይህን የምሥራች ይዘን ዝም ማለታችን ልክ አይደለም» ተባባሉና ወደ ከተማይቱ ተመለሱ። መልካም ነገር አግኝቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ቀምሰው ነው የተናገሩት። ለተራበ ከተማ «አንድ ነገር አለ መሰለኝ፣ እኛ አልሞከርነውም፣ ሂዱና እዩት» ብለው ቢሆን ኖሮ ማን ያምናቸው ነበር?

ባለፈው ዓመት በማስተምርበት የወጣቶች ክፍል አንድ ነገር ጠይቄ ነበር። የአንድ አጥቢያ መዘምራን አዲስ አልበም ወጥቶ አምስት ሳምንት ሆኖታል። አልበሙ ስልኩ ላይ ያለው እጁን ያንሣ አልኩ፤ ወደ አርባ የሚሆኑት በሙሉ አነሡ ማለት ይቻላል። ስድስተኛው መዝሙር ስለ ምንድን ነው አልኩ። ዝም። አንዱ «ስለ ምስጋና ነው» አለ፤ ገምቶ ነው። መዝሙሩ ስለ ልቅሶ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ቤቱ ጭር ሲል ብቻውን ከእግዚአብሔር ጋር ስለሚቀር ሰው። በክፍሉ ውስጥ እናቷን ከቀበረች ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ ነበረች። መዝሙሩን ከፍተን አብረን ሰማነው፤ ሲያልቅ «እንዲህ ያለ መዝሙር አለ እንዴ?» አለች። አምስት ሳምንት ሙሉ ስልኳ ውስጥ ነበር። ልከውላታል፤ ያውም ከሦስት ሰው ደርሷታል። «ስድስተኛውን ስሚው፣ ላንቺ ነው» ያላት ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የእኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ፋይል መላክ ጣትን ሁለቴ ማንቀሳቀስ ነው። «ስድስተኛው ላንቺ ነው» ለማለት ግን አልበሙን ከዳር እስከ ዳር መስማት፣ ደግሞም እህትን ማወቅ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ማሽን ይሠራዋል። ሁለተኛውን ወንድም ካልሠራው የሚሠራው የለም።

ታሪክ የምታውቁ ልጆች እዚህ ላይ እንደምትይዙኝ አውቃለሁ። «በደርግ ዘመን አባቶቻችን ካሴት እየገለበጡ አይደለም እንዴ የሰሙት?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ሬዲዮ ጣቢያን ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ወርሶታል፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል፤ አማኞች በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል፤ በእስር ቤት ሆኖም መዝሙር ይጽፍ ነበር። መዝሙር በግልጽ መሸጥ በማይደፈርበት በዚያን ጊዜ ዝማሬ ከአገር አገር የተሻገረው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ካሴት ነው።

ግን እንዴት እንደሚገለበጥ ታውቃላችሁ? ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የስልሳ ደቂቃው ካሴት በተራ ቴፕ ለመገልበጥ ስልሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሠላሳ ደቂቃ በአንዱ ገጽ፣ ከዚያ ተነሥቶ ማዞር፣ ሠላሳ ደቂቃ በሌላው። (ኋላ ላይ በፍጥነት የሚገለብጥ ባለ ሁለት ጎን ቴፕ መጥቷል፤ እሱም ቢሆን ደቂቃዎች ይፈልጋል።) የገለበጠው ሰው ሳይሰማ መገልበጥ አይችልም ነበር። ግጥሙን በደብተር ለመጻፍ ደግሞ አንዷን ስንኝ ለመያዝ ቴፑን አስቁሞ፣ ወደ ኋላ መልሶ፣ እንደገና አስቁሞ ነው። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያሉትን የመዝሙር ደብተሮች አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ እዩአቸው፤ አንዳንዱ ገጽ የስንት ምሽት ሥራ እንደሆነ ይገባችኋል። በዚያ ላይ ካሴቱ በእጅ ቢገኝ ሊያሳስር ይችል ነበር። ሰጪውም ተቀባዩም የሚከፍሉት ነገር ነበራቸው። እናንተ የወረሳችሁት መገልበጡን ብቻ ነው፤ ጆሮውንና ዋጋውን ትታችሁታል። ስለዚህ በእነርሱ ስም አትማሉ።

ሁለተኛው መልስ ጥቅስ ነው፤ የቻናል ባለቤቶች ከሁሉ የሚወዱት እርሱን ነው። ማቴዎስ 10፥8ን ጠቅሰው፣ ወንጌል በነጻ የተሰጠ ስለሆነ መዝሙርም በነጻ መሰጠት አለበት ይላሉ። ጥቅስ ከጠቀሱ አይቀር ሁለት ቁጥር ወርደው 10፥10ን ቢያነቡ ምን ነበረበት? እዚያው ንግግር ላይ፣ ለእነዚያው ሰዎች፣ ጌታ ሠራተኛው ምግቡ እንደሚገባው ይናገራል። ደግሞም በነጻ ስጡ የተባሉት የሚሰጡት ነገር የተቀበሉት ደቀ መዛሙርት ናቸው። በመንገድ ዳር ቆሞ የደቀ መዝሙሩን ከረጢት ፈትቶ ለሕዝብ እንዲያድል የታዘዘ ሰው የለም። ዘማሪው ራሱ «ይህን አልበም በነጻ ሰጥቻለሁ፣ ውሰዱ፣ አዳርሱ» ካለ (የሚሉም አሉ፣ እግዚአብሔር ይባርካቸው) ያን ጊዜ ሌት ተቀን አዳርሱ። እርሱ ሳይል በእርሱ ፋንታ ቸር መሆን ግን ቸርነት አይደለም። ዳዊት ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ሊሰጠው ሲለምነው እንኳ፣ ዋጋ ያልከፈልኩበትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ ገዝቷል፤ 2ኛ ሳሙኤል 24፥24 ላይ ነው። እኛ ደግሞ ባለቤቱ ሳይለምነን ወስደን «አምልኮ» እንላለን።

የአገሩም ሕግ ቢሆን ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ለራስ መጠቀሚያ የሚሆን ቅጂን ይፈቅዳል፤ ለሕዝብ ማሰራጨትን ግን ለባለመብቱ ይተዋል። ስለ ሕጉ ከዚህ በላይ አልልም፤ የዓለም ሰው በቅጣት ፈርቶ የሚተወውን እኛ ከፍቅር የተነሣ መተው ካቃተን የሚያሳፍረን ሌላ ነገር አለ።

ይልቅ ወደ ነህምያ እንሂድ። ምዕራፍ 12 መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ለመዘምራንና ለበረኞች የየዕለቱን ፈንታ ይሰጥ እንደነበር ተጽፏል። ነህምያ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ያገኘውን ምዕራፍ 13፥10 ይነግረናል፦ የሌዋውያኑ ፈንታ አልተሰጣቸውም፤ ስለዚህ አገልጋዮቹና መዘምራኑ እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተው ነበር። ይህን ቁጥር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እነዚህ መዘምራን ኃጢአት ሠርተው አልወደቁም፤ ድምፃቸው አልጠፋም፤ ቅባቱ አልተለያቸውም። ራባቸው፤ ወደ እርሻ ሄዱ። የእግዚአብሔር ቤት ዝም ያለው ለዚህ ነው።

በእኛም ዘመን እርሻው ሞልቷል። አንድ አልበም እንዴት እንደሚሠራ ብታዩ ይህን አትጠይቁኝም ነበር። ግጥሙና ዜማው ቢያልቅ ገና መጀመሪያው ነው፤ አቀናባሪው ይከፈለዋል፣ ጊታሪስቱና መሰንቆ ተጫዋቹ ይከፈላቸዋል፣ ስቱዲዮው በሰዓት ይቆጥራል፣ ሚክሲንግና ማስተሪንግ ለብቻው ነው። ዘማሪው ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ከደመወዙ ቆጥቦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ነው። አልበሙ በወጣ ቀን ምሽት ሁሉም ሰው እጅ በነጻ ከገባ፣ ሁለተኛ አልበም የሚሠራበት ምክንያት ምን ይሆናል?

ስለዚህ ብዙዎች አልበም መሥራት ትተዋል። ነጠላ መዝሙር ይለቃሉ፤ ከቪዲዮ ጋር፣ ሞቅ ያለ፣ አዝማቹ ገና በመግቢያው የሚመጣ። አልፈርድባቸውም። የምንሰማው የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሰከንዶች ብቻ መሆኑን ስለሚያውቁ ሥራቸውን በሠላሳ ሰከንድ ልክ ሰፍተውታል። የሚጠፋው ግን ስድስተኛው መዝሙር ነው። ንስሐውና ልቅሶው፣ ረጅሙ የቃሉ ትረካ፣ እግዚአብሔርን «እስከ መቼ?» ብሎ የሚጠይቀው፣ ለብቻው ቢለቀቅ ማንም የማይልከው፣ በአልበም መካከል ተሸሽጎ ሰውን የሚጠብቀው እርሱ ይጠፋል። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ እንዲህ ያለውን ብናወጣ መጽሐፉ ምን ያህል እንደሚሳሳ አስቡት። አሥር ዓመት በሠርግ ዜማ ብቻ ያደገ ወጣት የመጀመሪያው ሐዘን ሲመጣበት በምን ቃል ይጸልያል? ይህን የምፈራው እንደ መዝሙር ወዳጅ ብቻ አይደለም፤ እንደ አስተማሪም ነው።

ስለ ስም ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ በጣም ያናደደኝ እርሱ ነው። በቅርቡ ከአንድ ቻናል የወረደ አልበም አንድ ልጅ ሲያጫውት የስልኩን ገጽ አየሁ። በዘማሪው ስም ቦታ የቻናሉ አድራሻ ተጽፏል። በአልበሙ ርእስ ቦታ «ለተጨማሪ መዝሙሮች ይቀላቀሉን» ይላል። ገጣሚ የለም፣ ዜማ ደራሲ የለም፣ አቀናባሪ የለም። ሰው ተቀምጦ፣ ደክሞ፣ አንድ በአንድ የወንድሙን ስም ፍቆ የራሱን ጽፏል! በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 የአሳፍ፣ የኤማንና የኤዶታም ልጆች ስም በዝርዝር ተቀምጧል፤ የተማሩት ዘማሪዎች ቁጥር እንኳ 288 ተብሎ ተቆጥሯል። በመዝሙረ ዳዊት 12 መዝሙሮች የአሳፍን ስም በራሳቸው ላይ ይዘዋል። መንፈስ ቅዱስ የአሳፍ ስም መጠቀሱ ክብሬን ይቀንሳል አላለም። «ክብሩ ለጌታ ነው፣ ስም ምን ያደርጋል?» የምትሉኝ ሰዎች፣ ለጌታ ክብር ከሆነ የቻናሉን ስም ለምን ጻፋችሁት?

ታዲያ እውነተኛው ማካፈል ምን ይመስላል? ቈላስይስ 4፥16ን ውሰዱ። ጳውሎስ ደብዳቤው በቈላስይስ ከተነበበ በኋላ በሎዶቅያ ጉባኤ ዘንድ እንዲነበብ እንዲያደርጉ፣ ከሎዶቅያም የሚመጣውን እነርሱ እንዲያነቡ ያዛል። ተነብቦ ነው የሚሻገረው። ከወዲያም የሚመጣ አለ። ይህ ሁለተኛው ነገር በእኛ ዘንድ ጨርሶ ተረስቷል፤ ከመሀል አገር ወደ ዳር የሚሄድ እንጂ ከዳር ወደ መሀል የሚመጣ የለም። በወላይትኛ፣ በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ፣ በሲዳምኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ስንት አልበም እንደሚወጣ የአዲስ አበባ ወጣት አያውቅም። እናንተ በክፍላችሁ ከሆሳዕና የመጣ ልጅ የላችሁም? አንድ ቅዳሜ የሚወደውን አልበም ይዞ ይምጣ። ያጫውት፤ መስመር በመስመር ይተርጉም፤ ይህን መዝሙር አያቱ መቼ እንደምትዘምረው ይንገራችሁ። ያ ልጅ እስከ ዛሬ በግሩፑ ውስጥ የእናንተን ፋይል ሲቀበል ነው የኖረው። የእርሱን ጠይቃችሁት አታውቁም።

እንዲህ ባለ ምሽት አንድ አልበም ብቻ ይበቃል። አርባ ሰው አንድ የተገዛ አልበም አብሮ ቢሰማ፣ ከመካከላቸው ጥቂቶች ለራሳቸው ይገዙታል፤ ስለሚወዱት ነው የሚገዙት። አምስት መቶ አልበም ስልኩ ላይ ያጠራቀመ ሰው ግን አንዱንም አይወደውም። ያለው ጎተራ ነው፤ ቁልፉ የጠፋበት ጎተራ።

«ገንዘብ የለንም» ለምትሉ፣ እውነት የሌላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በገጠር ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ባንክ፣ አንዱን ሚሞሪ ካርድ ለሦስት ቤት የሚጠቀሙ ኅብረቶች አሉ፤ ይህን ጽሑፍ በእነርሱ ላይ የሚመዝ ሰው ቢኖር ተቃውሜዋለሁ። ነገር ግን በየሳምንቱ ለማኪያቶ የሚያወጣ የከተማ ልጅ በገጠሩ ድሃ ጀርባ አይደበቅ። አብዛኛው ዘማሪ አልበሙ የት እንደሚገኝ በራሱ ገጽ ላይ ያስታውቃል፤ በቴሌብር ለመክፈል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እርሱም ካቃታችሁ ቢያንስ በዘማሪው በራሱ የዩቲዩብ ቻናል ስሙት፣ ለጓደኛችሁም የዚያኑ ማስፈንጠሪያ ስጡት፤ አንድ ሌላ ሰው አውርዶ በራሱ ስም መልሶ ከጫነው አትስሙ። ይህ ምንም አያስከፍላችሁም፤ ለእርሱ ግን ከዜሮ ይሻላል። ለገጠሩ ኅብረት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ገዝታችሁ ላኩላቸው። ያን ጊዜ «አካፈልን» በሉ፤ እኔም አብሬያችሁ እላለሁ።

ወደ ነህምያ አንድ ጊዜ ልመለስ፤ የቀረ ነገር አለ። መዘምራኑ ወደ እርሻቸው መሸሻቸውን ባወቀ ጊዜ የገሠጸው እነርሱን አልነበረም። የተጣላው ከሹማምንቱ ጋር ነው፤ የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ ብሎ። ከዚያ መዘምራኑን ሰብስቦ በየቦታቸው አቆማቸው፤ ይሁዳም ሁሉ አሥራቱን ወደ ጎተራው አመጣ። ስለዚህ ይህን ለሚያነቡ የወጣቶች ኅብረት ሰብሳቢዎችና ኮሚቴዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። የዓመቱን በጀታችሁን አውጡና እዩት። የቲሸርት ማሠሪያ አለ፤ የኮንፈረንስ አውቶቡስ አለ፤ የሳውንድ ሲስተም ጥገና አለ፤ የሻይና የዳቦ አለ። ለአልበም መግዣ ተብሎ የተያዘ አንድ መስመር ታገኛላችሁ? ከሌለ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ አስገቡትና በወር አንድ አልበም የሚገዛበትን ያህል መድቡ። ከዚያም ገዝቶ፣ ሰምቶ፣ ቅዳሜ ለክፍሉ የሚያቀርብ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ምረጡ።